አንድ ክንድ መሬት ለጃካራንዳ

እርጥብ ጆንያ ሲሸተኝ ወገቤ ቀጥ ይላል። ባለፈው ክረምት ዝናብ አባሮኝ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ተጠልዬ ሳለ፣ አንድ ተሸካሚ የራሰ ጆንያ አጠገቤ ጣለ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ሳላስበው ቀና ብዬ ቆምኩ፤ እጆቼንም ተጨብጠው አገኘኋቸው። አብራኝ የነበረችው ልጄ «ምን ሆንሽ? ከሰው ተጣላሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ» አልኳት።

አዳዳ ዘይነባ ወደ ሮቤ የመጣችው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በየካቲት መጨረሻ ነው። አዳዳ በእኛ ቤት ቋንቋ የአባት እህት ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ድሬዳዋ ኖራ፣ ባሏ ሲሞትባት የታናሽ ወንድሟን ቤት ብላ መጣች። ከሻሸመኔ ከመጣው አውቶቡስ ስትወርድ የለበሰችው ስስ ድርያ ነበር፤ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ። የባሌ ንፋስ ድርያውን ከገላዋ ላይ እያጣበቀባት አባቴን አቀፈችና «ጀማል፣ የዚህን አገር በር ማን ከፍቶት ሄደ?» አለችው።

እናቴ ታላቅን እንዴት እንደሚያናግሩ አስጠንታኝ ስለነበር «እንደምን ዋሉ፣ እርስዎ ደህና ነዎት?» አልኳት። አዳዳ ዞር ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው የምትፈልግ መሰለች። «እርስዎ የሚባል ሰው ድሬዳዋ የለም፤ አንቺ በይኝ» አለች። እናቴ ደነገጠች፤ እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአዳዳ ሆንኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት የሰማሁትን ሁሉ በተሳሳተ መንገድ ነው የተረዳሁት። አዳዳ እሳት ዳር ተኮራምታ ለእናቴ ታወራለች፦ «ጃካራንዳ ባትኖር ድሬዳዋን አልችለውም ነበር። ባለቤቴ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ውሃ ሳያጠጣት ቁርስ አይቀምስም።» እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ጃካራንዳ ጣውንቷ መሆኗን ደመደምኩ። ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ የአክስቴ ጣውንት ሽባ ሳትሆን አትቀርም፣ ባሏ ራሱ ነው ውሃ የሚያጠጣት ብዬ አወራሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ አንጀቴ አልችል ብሎ «አዳዳ፣ ጃካራንዳ አሁን ከማን ጋር ናት?» አልኳት።

«ብቻዋን። ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆማለች።»

«ዝናብ ላይ?»

አዳዳ ትኩር ብላ አየችኝና መሳቅ ጀመረች። ስቃ ስቃ እንባዋን በሻሿ ጠረገች፤ ከዚያ ከቆርቆሮ ሣጥኗ የተቋጠረ ጨርቅ አውጥታ ፈታች። ክብና ጠፍጣፋ፣ እንደ እንጨት የደረቁ፣ ጫፋቸው ከፈት ያለ ሦስት ነገሮች ነበሩ። እኔ የትንሽ ኤሊ የድንጋይ ልብስ መሰሉኝ። አንዱን በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቃ ስታራግፈው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ቡናማ ክንፎች እጇ ላይ ወረዱ፤ በእያንዳንዱ ክንፍ መሃል ምስር የምታክል ፍሬ አለች።

«ጃካራንዳ ይኸውልሽ» አለችኝ። ባሏ የጣቢያው አትክልተኛ ነበር። ዛፎቹን ሲተክል ሙሽራ ነበረች። ሲያብቡ ቅጠላቸውን አራግፈው ሐምራዊ ብቻ ይሆናሉ፤ ሲረግፉ ደግሞ መንገደኛው ምንጣፍ የረገጠ ይመስለዋል።

አባቴ ሰምቶ ሳቀ። «ይህ ሮቤ ነው እኮ። እዚህ የሚያድግ ገብስና ስንዴ፣ ከዛፍም ባሕር ዛፍ ነው። የቆላ ዛፍሽን ብርዱ በአንድ ወር ይጨርሰዋል።»

«እኔም የቆላ ሰው ነኝ፤ ጨረሰኝ?» አለችው።

አሥራ ሁለት ፍሬ መርጣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ዘፈዘፈች። የወተት ጣሳዎች አስለቀመችኝና ታቻቸውን በምስማር አስበሳችኝ፤ «ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል» እያለች። ከሃረና ቡና ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ለምና አንድ ከረጢት የጫካ አፈር አስመጣች። አሸዋውን እኔ ነኝ ከሻያ ወንዝ ዳር ያመጣሁት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ። ፍሬውን በቁሙ ሳይሆን አጋድማ አኖረችና ከላዩ የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ አፈር ነሰነሰችበት። ጣሳዎቹ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ውጭ፣ ምድጃው ከሚያሞቀው ጎን ተደረደሩ። ውሃ የምታጠጣቸው በጣቷ እየረጨች ነው።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አምስቱ በቀሉ። ቅጠላቸው እንደ ላባ የተበጣጠሰ ነው፤ ሲነኩት የሌለ ያህል ይለሰልሳል። ሁለቱን ዶሮ ለቀመቻቸው። ሁለቱን እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ቶሎ እንዲያድጉ ብዬ በድብቅ ጧትና ማታ ውሃ ሞላሁባቸው። አዳዳ የበሰበሰውን ሥር አውጥታ አሳየችኝ። «ፍቅር እንዲህ ይገድላል፤ ከእንግዲህ አፈሩን በጣትሽ ሳትነኪ አታጠጪ» አለችኝ። አልመታችኝም። አንዱ ብቻ ቀረ።

በነሐሴ ያን አንዱን ወደ መሬት አወረድነው። ቦታው ከቤታችንና ከመንገዱ መሃል ባለችው ጠባብ ግቢ፣ ከድንጋዩ ካብ ጎን ነው። አዳዳ «ካቡ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልስለታል» ብላ ነው የመረጠችው። መሬቱ ጭቃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ስለሆነ ጉድጓዱን እስከ ክርኗ ቆፍራ ከታች ጠጠር ደለደለች፤ አፈሩን ከአሸዋና ከከረመ ፍግ ቀላቅላ ከመሬቱ ከፍ አድርጋ ጉብታ ሠራችለት። ችግኙ የእኔን ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር። «ጫፉን እንዳትነኪው። ጫፉ የተቆረጠ ጃካራንዳ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ዛፍ አይሆንም» አለችኝ።

በመስከረም ቀበሌው ትእዛዝ አወጣ። ከቤት ፊት ለፊት ያለ ቦታ ሁሉ ጎመንና ድንች ይተከልበት ተባለ። አዳዳ ትእዛዙን ከሰማች በማግስቱ የጎመን ችግኝ አፈላች፤ በክር እየለካች በመስመር ተከለችው። የእኛን ጎመን ለማየት ሰው ከመንገድ ላይ ይቆም ነበር። ጎመን ያልተተከለበት በችግኟ ዙሪያ ያለው አንድ ክንድ ቦታ ብቻ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በቀለ ይባላል። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አኑሮ ልብስ ይሰፋ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ደብተር ከያዘ ወዲህ ሰውን ቀና ብሎ ማየት ትቷል። አንድ ቀን ደብተሩን ይዞ መጥቶ ጉብታው ጋ ቆመ።

«ጓዲት ዘይነባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጃካራንዳ።»

«ፍሬው ይበላል?»

«አይበላም።»

«ለቤት መሥሪያ ይሆናል?»

«ለቤት እስኪደርስ አንተም እኔም አንኖርም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልዎ ነው?»

«ሊያምርልኝ።»

ጓድ በቀለ ጻፈ። ለአባቴ ሲነግረው ከበረንዳው ሆኜ ሰማሁ፦ «ይህ ንዑስ ከበርቴ ነው፣ ጀማል። ይነቀል።» እኔ ደግሞ የዛፉ የአማርኛ ስም ንዑስ ከበርቴ መሆኑን በመጨረሻ አወቅሁ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ በእርሻ ክፍለ ጊዜ መምህራችን በቤታችን ያሉ ዕፅዋትን ሲያስቆጥረን እጄን አወጣሁ። «እኛ ቤት ንዑስ ከበርቴ አለ። አክስቴ ውሃ ታጠጣዋለች፤ በስምንት በዘጠኝ ዓመቱ ያብባል» አልኩ። የመምህሩ ጠመኔ ከእጁ ወደቀ። መስኮቱን አየና ቀስ ብሎ «ተቀመጪ፣ ረሕማ» አለኝ።

አዳዳ ባለመንቀሏ እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ተጠራች። ራሷን እንድትሂስ ነው የተጠራችው። እኔን ይዛኝ ሄደች። ተነሺ ስትባል ተነሳች፤ የእናቴን ወፍራም ጋቢ በድርያዋ ላይ ደርባለች።

«ጎመን ትከሉ ብላችሁ ተክያለሁ። ከእኔ የሚበልጥ ጎመን ያለው ይነሳና ይናገር» አለች። የተነሳ የለም። «ድሬዳዋ ላይ ቤታችን ትርፍ ነው ተብሎ ሲወሰድ ዝም አልኩ። ልጄን ለጦር ሲወስዱት ዝም አልኩ። ሳይመለስ ሲቀርም፣ የት እንደወደቀ የሚነግረኝ ሳጣም፣ ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ እዚህ ደረስኩ። አሁን በእጄ የቀረው አንድ ክንድ መሬት ነው። ይህን አልሰጥም።»

ተቀመጠች። አዳዳ ልጅ እንደነበራት ያን ቀን ሰማሁ። ጓድ በቀለ ደብተሩን ገልጦ «ሂሱን አልተቀበሉም ተብሎ ይመዝገብ» አለ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከኅብረት ሱቁ የሚደርሰን ስኳር ቀረ። ሻያችንን በጨው መጠጣት ጀመርን። አባቴ ሦስት ቀን ተቆጥቶ ዋለና አራተኛው ቀን ላይ ፈነዳ።

«የምትናገሪው አንቺ፣ የምጠየቀው እኔ» አላት።

«ልክ ነህ።»

«ዛሬ ሱቄን ቢዘጉትስ? ንቀይው።»

«እኔ አልነቅልም። ከፈለግህ አንተ ንቀለው፤ እጅህን አልይዝም።»

አባቴ ወጣ። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ከችግኟ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ጎንበስም አለ። አንድ የወደቀ የጎመን ቅጠል አንስቶ ከካቡ ባሻገር ወረወረና ተመልሶ ገባ። «ምሳ የለም?» አለ። የመንቀል ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ኅዳር ሲገባ ውርጭ መጣ። በእኛ አገር በጥቅምትና በኅዳር ቀኑ ይሞቃል፤ ሰማዩም ይጠራል፤ ጥራቱ ግን የሌሊቱን ብርድ ያጠነክረዋል። አዳዳ በችግኟ ዙሪያ ሦስት እንጨት ቸከለች። እኔ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ አንድ የእህል ጆንያ በእንጨቶቹ ላይ አለብሳለሁ፤ ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ ከነካው ብርዱን ያስተላልፍበታል። ጉብታውን ገለባ አልብሰነዋል። ውሃውን የምናጠጣው ፀሐይ ገና ሳለ በቀትር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ጆንያውን እገፍፋለሁ። በላዩ የተጋገረው ነጭ ውርጭ እጄ ላይ እየቀለጠ እስከ ክንዴ ያረጥበኛል። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ጆንያ እሸት ስለነበር ልጆች «እህል መጋዘን» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። አንዷን ደበደብኳት። ጆንያውን ግን አንድ ቀን አላስታጎልኩም።

በታኅሣሥ አዳዳ ሳል ያዛት፤ ከዚያ ደረቷን ውጋት ቆረጣት። አባቴ በአንድ ላንድሮቨር አሳፍሮ ጎባ ሆስፒታል አስተኛት። ስትሄድ ትንፋሽ አጥሯት ነበርና የነገረችኝ ሁለት ቃል ነው፤ «ጆንያውን አደራ።»

ከሄደች በአምስተኛው ቀን፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ፣ ጓድ በቀለ ከሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጋር መጣ። አንደኛው ዶማ ይዟል። እናቴ ገበያ ነበረች። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ ሄጄ ጉብታው ላይ ተቀመጥኩ፤ ችግኟን በሁለት ጉልበቶቼ መሃል አደረግሁ።

«ተነሺ፣ ረሕማ» አለኝ ጓድ በቀለ።

ጉልበቶቼን ይበልጥ ገጠምኩ።

«የኢድ ቀሚስሽን የሰፋሁልሽ እኔ አይደለሁም?»

«አዎ።»

«ታዲያ ተነሺ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

«አልነሳም።»

ዶማ የያዘው ሰው ክንዴን ያዘኝ። ያን ጊዜ አባቴ ከሱቁ ወጥቶ መጣ። በጥፊ የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አባቴ አጠገቤ ነበር፤ ሱቅ የሚውልበትን ንጹሕ ሱሪውን እንደለበሰ እርጥቡ አፈር ላይ ተቀምጧል። ትከሻው ከትከሻዬ ጋር ተነካካ።

«በቀለ፣ ባለቤቱ በሌለበት የሰው ነገር አይነካም። እህቴ ሆስፒታል ናት» አለ።

«ጀማል፣ ችግር ውስጥ እየገባህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ጎረቤቶች በየበራቸው ወጥተው ቆመው ነበር። ማንም ወደ ቤቱ አልገባም። ጓድ በቀለ እነሱን አየ፤ እኛን አየ፤ ደብተሩን ዘጋ። «እንግዲያውስ ተነስና ቀበሌ እንሂድ» አለው። አባቴ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። ዶማ የያዘው ሰውዬ «ይሄስ?» ብሎ ወደ ችግኟ ጠቆመ። ጓድ በቀለ ሳይዞር «ተወው» አለ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ከእናቴ ጋር ለአባቴ ምግብና ብርድ ልብስ ይዘን ቀበሌ ሄድን። ፊቱን አላሳዩንም። ስንመለስ እናቴ ታለቅሳለች፤ እኔ እጇን ይዤ እመራታለሁ። ጠዋት ስወጣ ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ጆንያው ከካቡ ላይ፣ እኔ ካኖርኩት ቦታ ላይ፣ ደርቆ ተጣጥፏል። አላለበስኳትም። ፀሐይዋ ስትሞቅ ላባ የመሰሉት ቅጠሎች የተቀቀሉ ያህል ጠቁረው ተንጠለጠሉ።

አባቴ በሦስተኛው ቀን ተለቀቀ። ጢሙ አድጓል። ገና በሩ ላይ «ዛፉስ?» አለኝ። «ገደልኩት» ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ሄዶ አየው። ከዚያ ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ጆንያውን ከካቡ አንስቶ ጥቁሩን እንጨት አለበሰው።

«ሞቷል እኮ፣ አባ» አልኩት።

«ቢሞትም። ሲያልፉ እንዲያዩን ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ራሱ ነበር የሚያለብሰው። አንዳንድ ቀን ጓድ በቀለ በመንገዱ ሲያልፍ አባቴ ጆንያውን ጎተት ጎተት እያደረገ ያስተካክላል፤ ሰላምታም ይሰጠዋል።

አዳዳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጎባ ተመለሰች። ከስታለች፤ ጋቢው ውጧታል። ሳትቀመጥ «ጆንያውን ያላለበስኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ወደ ጉብታው ሄዳ ተቀመጠችና በአውራ ጣቷ ጥፍር የግንዱን ቆዳ ፋቀች። ከላይ ቡናማ ነው። ወረድ ብላ ፋቀች፤ ቡናማ ነው። ከመሬት አራት ጣት ሲቀራት ፋቀች፤ አረንጓዴ ሆነ።

«ውርጩ የደረሰው እዚህ ድረስ ነው» አለችኝ።

ጓድ በቀለ በዚያው ሰሞን ቆም ብሎ በካቡ ላይ አሻግሮ አየ። «ጓዲት፣ ሞቷል እኮ። አሁንስ ይነቀል።»

«ከሞተ ምን አስቸኮለህ?» አለችው።

ስኳራችን እስከ ሰኔ አልተለቀቀልንም። ዛፉ ለማበብ ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ ያን ጊዜ ቀበሌውም ደብተሩም የሌላ ሰው ሆነው ነበር። ስለዚያ ሌላ ሰው ይተርክ። እኔ የማውቀው የዚያን ዓመት መጋቢት ነው፤ ዝናቡ ጀምሮ በሳምንቱ ከጥቁሩ እንጨት ሥር ሦስት ቀምበጦች ወጡ።

አዳዳ ጠራችኝ። «ሦስቱንም ከተውናቸው ቁጥቋጦ ይሆናል። አንዱ ብቻ ይቀራል። ምረጪ» አለች።

አንዱ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ካቡ ተጠግቶ ቆሟል። አንዱ መካከለኛ ነው። ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ተንጋዶ ወደ መንገዱ አዘንብሏል። እሱን ነካሁ።

«ለምን እሱን?»

«ከመንገዱ የሚታየው እሱ ስለሆነ።»

አዳዳ ቀምበጡን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀና አደረገችው፤ ስትለቀው ተመልሶ አዘነበለ። «ይህ ልፋት አለው። ድጋፍ ይፈልጋል፤ በየወሩ ማሰሪያው ይላላለታል፤ ሁለት ሦስት ብርድ በጆንያ ማለፍ አለበት። ማን ይለፋል?»

«እኔ።»

ተነስታ ከካቡ ሥር አንድ ቀጥ ያለ እንጨት አመጣችና ከጎኑ ተከለችው። «እንግዲያውስ ሁለቱን አንቺው ቁረጪ» አለችኝ።

በጥፍሬ ቆረጥኳቸው።